ከእሺ ቀጥሎ ምን እንበል?

የቲያትር ልምምድ ከጎረቤት ጋር ጨዋታ ለመጀመር ይረዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ እዚህ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ ካሰብኩት በላይ በዛ፤ 26 ደረሰ። ብዙዎቻችሁ ከመሃል ስለገባችሁ ከየት እንደተነሳን ጠፍቷችኋል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ደግሜ አንብቤ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

መጀመሪያ የኔ ጽሑፍ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያደግኩት አራት ኪሎ፣ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚያ ጨዋታ አይፈለግም፤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። እዚህ ግን ደረጃ ላይ እንገናኛለን፣ ደህና ዋላችሁ እንባባላለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን እንተላለፋለን፣ በር ይዘጋል። ፊት ለፊቴ ያሉትን ጎረቤቶቼን ስም ለማወቅ 11 ወር ፈጅቶብኛል። ያወቅኩትም ለቅሶ ደርሶባቸው ድንኳን ሲተከል ነው። ይሄ አሳፍሮኛል።

ቲያትር የተማረ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስቦ ኢምፕሮቭ አለማመደን። ኢምፕሮቭ ድርሰት ሳይጻፍ፣ ቃል ሳይጠና፣ ተዋንያኑ እዚያው መድረክ ላይ እየተቀባበሉ የሚፈጥሩት ቲያትር ነው። ዋናው ደንብ ቀላል ነው። አብሮህ የሚጫወተው ሰው አንድ ነገር ሲናገር ስጦታ ሰጥቶሃል። ትቀበለዋለህ፤ ከራስህ ትንሽ ትጨምርበታለህ፤ ትመልስለታለህ። አዎ፣ ደግሞም እንደማለት ነው። ስጦታውን ከገፋኸው ጨዋታው እዚያው ይሞታል።

ከልምምዱ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የኔ ጨዋታ የሚሞተው ምን ይደረግ በምትለው አባባል ነው። ሰው ስለ ታክሲው ይነግረኛል፤ ምን ይደረግ እላለሁ። ስለ ኑሮው ይነግረኛል፤ ምን ይደረግ። ያዘንኩለት ይመስለኝ ነበር። ለካ አፉን እየዘጋሁት ነው።

አንድ ማታ ጀሪካን ይዤ ደረጃ ስወጣ የአራተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ውኃው ዛሬም እንዳልመጣ ነገረኝ። የሰጠኝን ተቀበልኩት። አዎ አልመጣም፣ ትናንት ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሮቶው ሲሞላ ሰምቻለሁ አልኩት። ቆመ። እሱም ሌሊት ድምፁን እንደሚሰማ፣ ግን ሕልም መስሎት ተመልሶ እንደሚተኛ ነገረኝ። ጀሪካኖቻችንን መሬት አስቀምጠን 20 ደቂቃ ያህል ተጫወትን። መጀመሪያ የሰማ የሌላውን በር እንዲያንኳኳ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ እሱ ሦስት ጊዜ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አንኳኩተናል።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ይህ ልምምድ ከመድረክ ውጪ፣ ለኛ ሰውና ለኛ ሰፈር ይሠራል ወይ? የሞከረስ አለ?

መልስ 1 ከገላን ኮንዶሚኒየም ነው የመጣው። ጸሐፊዋ ትሁት ናት፤ አመስግና ነው የጀመረችው። ሰው ማናገር አትፈራም። ችግሯ ጥያቄ ማብዛቷ ነው። የት ነው የምትሠራው፣ ስንት ልጅ አለህ፣ ከየት ሰፈር መጣህ። ሰውየው ሁለት ሦስቱን ይመልስና ስልኩን ያወጣል።

መልስ 2 የኔ ነው። ኢምፕሮቭ የሚያስተምሩ ሰዎች ለጀማሪ ጥያቄ እንዲቀንስ ይመክራሉ። ጥያቄ ሸክሙን በሙሉ ሌላው ሰው ላይ ይጥላል። ሥራ እንዴት ነው ከማለት ይልቅ፣ ዛሬ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ቆሜ መጣሁ፣ እግሬ ደነዘዘ ማለት ይሻላል። ሰው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስለ እግሩ ሊያወራ ይችላል፣ ስለ ሳሪስ ሊያወራ ይችላል፣ ምርጫው የሱ ነው። የመልስ 1 ጸሐፊ በማግስቱ እንጀራ የምትሸጥላትን ሴት በዚህ መንገድ እንዳዋራቻትና ልጇ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል እንደምትፈተን እንደሰማች ጻፈችልኝ። ከዚያች ሴት እንጀራ ስትገዛ ዓመት አልፏታል።

መልስ 3 ርዕሱን የሰጠኝ ነው። ጸሐፊው እሺ ይበልጣል ከሺህ የሚለውን ተረት አንስቶ፣ መቀበልን ማንም ሊያስተምረን እንደማይገባ ይናገራል። ወዲያው ግን ራሱ ይሞግተዋል። የኛ እሺ ብዙ ጊዜ በር መዝጊያ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው እሺ ነገ እመጣለሁ ይላል፤ አይመጣም። ዘመድ እሺ እናያለን ይላል፤ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። እሺ የምንለው ላለማስቀየም ነው እንጂ ስለሰማን አይደለም። ስለዚህ ለኛ የሚከብደን እሺ ማለቱ ሳይሆን ከእሺ ቀጥሎ ያለው ነው። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ክረምቱን ሙሉ ስለማመድ ያልገባኝን ነገር በጥቂት መስመር ነገረኝ።

መልስ 4 ደግሞ ወደ አዝማሪ ቤት ወሰደን። ጸሐፊው ጎንደር ያደገ ነው። አንድ እንግዳ ይነሳና ተቀበል ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ የሰማውን ስንኝ በዜማ ይደግመዋል፤ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል፤ ቤቱ ይሞቃል። ደንቡ በአንዲት ቃል ተጠቃሏል፤ ተቀበል። ጸሐፊው ትኩረት እንድናደርግ የሚፈልገው መድገሙ ላይ ነው። አዝማሪው ወደ ራሱ ግጥም አይሮጥም። መጀመሪያ የሰጠኸውን መስማቱን ያሳይሃል። እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ጓደኛዬ ካለማመደን ነገር ሁሉ አንዲቱን ብቻ ያዙ ብባል፣ የሰውየውን ቃል በመድገም መጀመርን እመርጣለሁ። ለመልስ 4 ምስጋና ይግባውና አሁን ማሲንቆው ይታየኛል።

መልስ 5 ቅኔም ያው ነው አለ። ሊቃውንቱ ቆመው ድንገት ያፈልቁታል፣ ስለዚህ የኢምፕሮቭ አባት እኛ ነን። መልስ 6 ይሄን አረመ። ጸሐፊው ቅኔ ቤት የተማረ ነው፤ እርማቱ ጠንከር ያለ ቢሆንም ጨዋነት አለው። ተማሪ ቅኔ ሲማር ብቻውን ገለል ብሎ ያስባል፣ ያወጣል ያወርዳል፤ ይሄ ቆጠራ ይባላል። ከዚያ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው የሚጀመረው። የሌላ ሰው ቅኔ መድገም ነውር ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። በድንገት የሚቀኝ ሊቅ ካያችሁ ከኋላው የብዙ ዓመት ቆጠራ አለ። ድንገተኛነት ያለ ልምምድ አይመጣም ማለቱ ነው። እርማቱን ተቀብያለሁ። ኢምፕሮቭ ተዋንያንም ቃሉን አይለማመዱም እንጂ መስማቱንና መቀባበሉን ዕለት ዕለት ይለማመዳሉ።

መልስ 7 ላይ አየሩ ተለወጠ። ጸሐፊው ተቆጥቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚገባ ሰው ዘዴ ስላላወቀ አይደለም ዝም የሚለው። ቃሊቲ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ፣ ከዚያ ተጣብቆ መጥቶ ነው። አውቶቡስ ስጡኝና እንደ ልባችሁ ላጫውታችሁ አለ። የጻፍኩትንም የጥጋበኛ ጨዋታ ብሎታል። ቃሉ ቢከብደኝም አልጠላሁትም። ድካም ጨዋታን ይገድላል፤ ይሄ እውነት ነው። እኔ ራሴ በጻፍኩት ውስጥ ድካምን አንድ ቦታ አላነሳሁም።

መልስ 8፣ 9 እና 10 ከርዕሱ ወጡ። ታክሲው፣ ታሪፉ፣ ማታ ማታ መንገዱን ለሁለት ከፍለው ድርብ ሒሳብ የሚያስከፍሉት። የባቡሩ መስመር ቃሊቲ ላይ ቆሞ እስከኛ አለመድረሱ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከአፍንጫችን ሥር ተነስቶ ሲሄድ እኛ ግን ወደ መሃል ከተማ መግባት ማቃታችን። አንዱም የዳቦ ቤቱን መከፈት ጠየቀ፤ ከፍቷል።

መልስ 11 የጻፈችው ሴት ወደ ርዕሱ መለሰችን፤ መንገዷም ጥሩ ነበር። ባለፉት ሦስት መልሶች ማንም ማንንም አላስጨነቀም፣ ሁሉም የፊተኛው ያለውን ይዞ ነው የጨመረው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ጎረቤት ጋ ጨዋታ ለመጀመር የተለየ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁለታችን ፊት ያለው ይበቃል። ይሄ ኪት ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ የቲያትር መምህር አጥብቆ ያስተማረው ነገር ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ2023 ነው የሞተው። በ1977 ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ከባልደረባው ጋር ቲያትር አቋቁሟል። ተማሪዎቹን ብልህ ለመሆን አትጨነቁ፣ ግልጽ የሆነውን ተናገሩ ይላቸው ነበር። ሰው ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን የሚናገረው ተራ መስሎት ነው። ውኃው አልመጣም ማለት ተራ ነገር ነው። እኔና የአራተኛ ፎቁን ጎረቤቴን ያቀራረበን ግን እሱ ነው።

መልስ 12ን ሁላችሁም ደግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። የጻፈችው ወጣት ሴት ናት። ተቀበል፣ ጨምር ማለት ለወንድ ቀላል ነው አለች። እሷ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሲያናግራት የመለሰችለት አንድ ቃል ሌላ ቃል ይወልዳል። ከዚያ ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፣ ከዚያ አብሯት ይወርዳል። ጨዋታን መግደል እሷን የጠበቃት ችሎታ ነው። ዝምታዋን የማኅበራዊ ድክመት አድርጎ የሚቆጥር ምክር እንደማትፈልግ ፍርጥም ብላ ጻፈች።

መልስ 13 ነገሩን ቀለል አድርጊው የሚል ነበር። ባይጻፍ ይሻል ነበር። መልስ 14 የሷ ነው፤ አጭርና ስለታም። አሁን የነገርኩህን ገፋኸው፣ አልተቀበልከውም፤ ታዲያ ይሄ የጥያቄና መልስ ክር ስለ ምንድን ነው የሚል መንፈስ ነበረው። በመልስ 15 ሌላ እህት ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስከ ብሎኳ በጨለማ ስትሄድ ስልክ የምታወራ መስላ እንደምትሄድ ጽፋ ደገፈቻት።

መልስ 16 ላይ እኔ ገባሁ። ስለዚህ ጉዳይ ሳላስብ በመጻፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንድ ያልገለጽኩት ነገርም ነበር። መድረክ ላይ መቀበል ማለት የተነገረውን እንደተነገረ መያዝ ነው፤ የተጠየቁትን ሁሉ መፈጸም አይደለም። ተዋናይዋ አብረሽኝ ነይ ስትባል አልመጣም ማለት ትችላለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚያም በላይ፣ መድረክ ላይ ያሉት እርስ በርስ የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው። አንዱ ካልተመቸው ይቆማል። መተማመኑ በሌለበት ታክሲ ውስጥ ደንቡም የለም። መልስ 12 ትክክል ናት።

መልስ 17 ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቋንቋቸው ያምራል። ጆንስተን ስለ ከፍታና ዝቅታ ያስተማረውን ከየት እንዳነበቡት አላውቅም፤ እሳቸው ግን ከኔ በተሻለ አስረድተውታል። ሰው በንግግሩ ውስጥ ሁልጊዜ ራሱን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ በአነጋገሩ ብቻ ሳይሆን በአንገቱ፣ በእጁ፣ በዓይኑ። ሲናገር ጭንቅላቱን የማያንቀሳቅስ ሰው ከፍ ብሎ ይታያል። እሳቸው 30 ዓመት ያህል ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው ሲያስተምሩ ተማሪው ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። አንድ ቀን እግራቸውን አሟቸው ተማሪዎቹ መካከል አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ጥያቄ ዘነበ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን እየተቀመጡ አስተማሩ። ሆኖም ይሄን ጨዋታ ከታላላቆች ጋር የሚሞክር ወጣት እንዲጠነቀቅ አሳስበዋል። አንቱታን ማንሳት ቅርበት ሳይሆን ድፍረት ነው። ዝቅ የሚለው ታላቁ ይሁን።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የብሎካችን ጥበቃ ጋ ሄድኩ። ጋሼ እያልኩ ከቆምኩበት ሰላም ብያቸው ነበር የማልፈው። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንቱታው እንዳለ ነው፤ ዓይናችን ብቻ እኩል ሆነ። ከወሎ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን የሠሩበትን ቦታ ሁሉ ነገሩኝ።

መልስ 18 መምህሩን አመስግኖ የመረቀ ነው።

መልስ 19 ሲናገር ከሚንተባተብ ወንድም ነው። ቶሎ መልስ የሚሉ ልምምዶች እንደሚያስጨንቁት ጻፈ። የወደደው አንዱን ብቻ ነው፤ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ጠብቆ ከሱ መጀመር የሚለውን። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን የተናገረው ልቤን ነካው። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሄደ ይበል አልሄደም ይበል፣ ወደደ ይበል ጠላ፣ ሳይጨርስ አይታወቅም። እኛ ግን መሃል ላይ እናቋርጣለን። እሱ አንዲት ቃል ላይ ሲይዘው ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱለታል፤ የሚረዱት ይመስላቸዋል። የሚጨርሱት ግን በራሳቸው ግስ ነው። ሊል የፈለገውን ማንም ሳይሰማው ይቀራል።

መልስ 20 ነርስ ናት። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች። ሰው ፊት መቅረብ ልቡን የሚያስመታው፣ ከቤት መውጣት ያስቆመው ሰው ጨዋታ ብቻ እንዳይታዘዝለት። ማኅበራዊ ፍርሃት ሕክምና አለው፤ የሚፈሩትን ነገር ከባለሙያ ጋር ደረጃ በደረጃ መልመድ ከሚረዱት አንዱ ነው። ትክክል ብላለች።

መልስ 21 ወጣት ነው፤ በክሩ ውስጥ በጣም የሳቅኩበትም እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡለት እናት ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አይችሉም። እሱ ኦሮምኛ አይችልም። አንድ ቀን ወተቱ ተበላሽቶ ሲያገኘው በእጅ፣ በፊት፣ በድምፅ ተጨዋወቱ። እሳቸው ላሚቱን ሆነው አሳዩት፣ እሱ ሆዱን የታመመውን ሆኖ አሳያቸው። አሁን በየቀኑ አንድ ቃል ይማማራሉ። እሱ አካም ጅርታ ብሎ ይጀምራል። እኔም እዚያው ስር ስለ ቫዮላ ስፖሊን ጨመርኩ። ስፖሊን በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ጋር ትሠራ ነበር። የትወና ጨዋታዎቿ እዚያ ነው የዳበሩት። አንዱ ጨዋታ ትርጉም በሌለው ድምፅ ብቻ መግባባት ነው። ልጇ ፖል ሲልስ በ1959 ሰከንድ ሲቲ የተባለውን የቺካጎ ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የቺካጎው ኢምፕሮቭ የተነሳው እንግዲህ በከፊል ሌላ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አብረው እንዲጫወቱ ከማድረግ ነው። የኛ ሰፈር ይሄን ቢጫወት ማን ይደነቃል?

መልስ 22 ወጣቱን አረመው። አካም ጅርታ ለእኩያ ነው። ለእናት አካም ጅርቱ ነው የሚባለው። ወጣቱ ወዲያው አመስግኖ በማግስቱ እንዳስተካከለ ጻፈ።

መልስ 23 የሦስት ልጆች እናት ናት። መብራት ሲጠፋ ከልጆቿ ጋር እንቆቅልሽ ትጫወታለች። እንቆቅልህ ስትል ምን አውቅልሽ ይሏታል፤ ካቃታቸው አገር ስጡኝ ትላለች። አገሩን ሲሰጧት እዚያ ሄዳ ያየችውን ያልታሰበ ነገር ትተርካለች። ትልቁ ልጇ ትምህርት ቤት ዝምተኛ ነው። እንቆቅልሽ ላይ ግን ኮዬ ፈጬን ሰጥቷት ራሱ ሄዶ የመጣውን ጉዞ ተረከላት።

መልስ 24 ከአንዲት የዕድር ሴት ነው። አጭር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ግን የማየው ጥቂት ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ እግዜር ያጽናችሁ ካሉ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። መቀመጥ ነው። ሦስት ቀን መቀመጥ። ዝም ብሎ አብሮ የተቀመጠ ሰው ሐዘኑን ተቀብሏል። ጓደኛዬን ጠየቅኩት። መድረክ ላይም ዝምታን መሸከም የቻለ ተዋናይ እንደሚከበር ነገረኝ።

መልስ 25 እዚህ ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ ተሰብስበን እንለማመድ የሚል ሐሳብ ነው። ጓደኛዬ ሊመጣ ተስማምቷል። መልስ 19ን የጻፈው ወንድም በውስጥ መስመር፣ ሳይናገር ተቀምጦ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቆኛል። ይቻላል። ወንበር ከዕድሩ እንዋሳለን። ሰዓቱን መልስ 7 በሚገባበት ሰዓት ልክ ለማድረግ እየሞከርኩ ነው፤ መምጣት ባይፈልግም ቢፈልግ እንዲችል።

መልስ 26 ዛሬ ማታ ነው የገባው። ከማዶ ብሎክ ያለ ሰው ውኃው በናንተ በኩል መጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይሄን ስጽፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሮቶው መጮህ ጀምሯል። መልሱን ጽፌለት፣ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በር ላንኳኳ ነው።